እትዬ ጥሩወርቅና የካትማንዱ ጃኬት

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ወደ ሥራ ስሄድ፣ ትራም ውስጥ ቆሜ ነው። ወዳጄ ገነት ደውላ "ሰብለ፣ እትዬ…" አለችና የቀረውን መጨረስ አቃታት። መጨረስም አላስፈለጋትም። ስንጠብቀው የከረምነው ነገር ቢሆንም፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ፊቴን አይቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩና መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ዝም ብዬ ሄድኩ።

ሜልበርን ከተማ፣ አስኮት ቬል ሰፈር ባለው ቤታቸው ለቅሶ ስንቀመጥ፣ የገባ የወጣው ሁሉ ስለ እሳቸው የሚያነሳው አንድ ነገር ነበር። "ይሉኝታ የሚባል ነገር የማያውቁ ሴት!" ይባላል፤ ከዚያ አንድ ታሪክ ይከተላል፤ ከዚያ በእንባ መሃል ሳቅ ይመጣል። ቄሱን "አባ፣ ስብከትዎ ረዘመ፤ የሰው ወጥ እያረረ ነው" ያሉ እሳቸው ናቸው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋን አባት በሰው ፊት "ምግቡ ያነሰው እንግዳ በዝቶ አይደለም፤ አንተ ሰስተህ ነው" ብለውታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ላገባው ያሰብኩትን ሰው ይዤ ቤታቸው ብሄድ፣ እሱ ገና ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ "ይሄ ሰው ሰዓቱን ሲያይ እንጂ አንቺን ሲያይ አላየሁትም" አሉኝ። አኩርፌያቸው ስንት ጊዜ ቆየሁ። ነገሩ ግን እንዳሉት ሆነ።

ለቀስተኛው ሲስቅ እኔም እስቅ ነበር። በልቤ ግን "አንድ ቀን ይሉኝታ ይዟቸዋል" እላለሁ። በዚያች በአንድ ቀን ይሉኝታ የክርስትና ልጃቸው ብሌን ተራራ ላይ ልትሞትብን ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ የሚኖሩት ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ መዳፋቸው እንደ ወንድ የሰፋ ሴት ነበሩ። በወጣትነታቸው መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ነግደዋል፤ ከዚያ በሱዳን በኩል ስደት፣ ከዚያ ሜልበርን፣ ከዚያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና። መርካቶ ግን ከጣታቸው አልወጣም። ሰው ሲያገኙ፣ ሰላም ከማለታቸው በፊት የልብሱን ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ይዘው ያሻሹታል። "ዓይን ይዋሻል፤ ጣት አይዋሽም" ይላሉ። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል፤ "ሱፍ ነው ብለው ሸጡልሽ? ተጫወቱብሽ!" "እኔን የሚያታልል ነጋዴ ገና አልተወለደም" ሲሉ ያልሰማ ሐበሻ በአስኮት ቬል አይገኝም።

እንፈራቸው ነበር። ይህን ካልተናገርኩ የሚቀጥለው ነገር አይገባም። እንወዳቸዋለን፣ ስንታመም ሾርባ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው፣ ግን እንፈራቸዋለን። የሁላችንንም ስህተት ፊት ለፊት የሚነግሩ ሴት፣ የራሳቸውን ስህተት የሚነግራቸው ሰው አልነበራቸውም።

በመላው ሜልበርን አንቺ የምትላቸው ሰው ብሌን ብቻ ነበረች። ብሌን የገነት ልጅ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አማርኛዋ የተሰባበረ፣ ትልቁንም ትንሹንም አንቺና አንተ የምትል። እትዬ ጥሩወርቅ ልጅ አልወለዱም። ክርስትና ያነሷትን ብሌንን "ልጄ" እንጂ በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም። "እማማ፣ አንቺ" ስትላቸው ደግሞ ያ የሚያስፈራ ፊታቸው ፈካ ይል ነበር።

ጉልበታቸውን አሟቸው ሐኪሙ "ይራመዱ" ባላቸው ጊዜ፣ ካርልተን ካለ የጡረተኛ ሴቶች የእግር ጉዞ ቡድን ጋር ገቡ። እኛ ዛሬ ነገ ይተዉታል ስንል፣ እሳቸው ከፈረንጆቹ ጋር ኔፓል ድረስ ሄደው የሂማልያን ሥር ሥሩን ሲዞሩ ከረሙ። ብሌንም የተራራ ፍቅር የተጋባባት ከእሳቸው ነው። ሲመለሱ ክሬጊበርን በሚባለው ሰፈር ገነት ቤት ተሰብስበን "እንኳን ደህና መጡ" አልናቸው። በዚያን ቀን ስለ በረዶውም ስለ ተራራውም ብዙ አላወሩም። ያወሩት ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ ስለገዟቸው ሁለት ጃኬቶች ነው።

"ካትማንዱ ማለት መርካቶ ናት" አሉ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ። "ሱቁ ሁሉ የተራራ ልብስ ነው፤ ሁሉም የታወቀ ማርክ ተለጥፎበታል። ፈረንጆቹ ማርኩን ያያሉ፤ እኔ ስፌቱን ነው የማየው። ሁሉም ፎርጅድ! ጨርቁ የዣንጥላ፣ ውስጡ ስፖንጅ። ልንመለስ ስንል አንድ ትሁት ልጅ ሱቅ ገባሁ። አንዱን ጃኬት አነሳሁ። ዚፑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ገበሩን ገለበጥኩ። ውሃ አምጣ አልኩትና አፈሰስኩበት፤ ውሃው እንደ ጨሌ ተንከባሎ ወረደ! ኦርጅናል ነው። ሁለት ስጠኝ አልኩት፤ አንድ ለእኔ፣ አንድ ለልጄ።"

አጨበጨብንላቸው። ብሌን ጥቅሉን ፈታ ለበሰችው። ዚፑ መሃል ላይ ቆመባት።

"አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለቃል" አሉ እትዬ።

"ቆንጆ ነው፣ እማማ። ታንክ ዩ" አለች ብሌን። ገነትም "እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ" አለች። ስለ ጃኬት ምንም ስለማላውቅ እኔም አማረባት ብዬ አለፍኩ።

የአውስትራሊያ ብርድ የሚጠናበት ሐምሌ ሲመጣ ብሌን ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር በሰሜን ምሥራቅ በኩል ካሉት ተራሮች አንዱን ልትወጣ፣ በረዶ ላይ ድንኳን ተክላ ልታድር ተነሳች። ቅዳሜ ማለዳ እትዬ ጥሩወርቅ በሬን አንኳኩ። "ልጄ ተራራ ልትወጣ ነው። ሳልሸኛት?" መኪና ስለማይነዱ ክሬጊበርን ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸውም ያንኑ ጃኬታቸውን ለብሰዋል።

ብሌን የካትማንዱን ጃኬት ለብሳ ወጣች። እትዬ ኮሌታዋን አስተካከሉላት፣ ግንባሯን ሳሟት፣ ጓደኛዋ ጄስ ያመጣችው መኪና ድረስ ሸኟት። በሩን የዘጉት ራሳቸው ናቸው። መኪናው ጥጉን ታጥፎ እስኪሰወር መንገዱ ዳር ቆመው እጃቸውን አወዛወዙ። ከዚያ ገብተን ቁርስ በላን። ገነት ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ስልኳ ጮኸ፤ ወደ ጓዳ ገብታ በሹክሹክታ አወራች፤ ስትመለስ "የሥራ ነው" አለች።

"ቅዳሜ ጠዋት የምን ሥራ ነው?" አሉ እትዬ። ገነት ሻይ ቀዳችላቸው።

ወደ አስኮት ቬል ተመልሰን እንደ ልማዳችን ወንዙ ዳር ለመራመድ ወረድን። ብዙም ሳንሄድ ዝናቡ ለቀቀው። ዣንጥላዬን ዘረጋሁና ልጋርዳቸው ብል ገፉኝ። "ዣንጥላ ለምኔ? ኦርጅናል ለብሼ!"

ትንሽ እንደሄድን ወሬያቸው ተቋረጠ። ዘወር ብዬ ሳይ ከኋላዬ ቆመዋል። እጃቸውን በአንገታቸው በኩል ወደ ትከሻቸው አስገብተው፣ ውስጡን በጣታቸው እያሻሹ ነበር። የቤታቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና የእጅጌውን ስፌት ሸረከቱት። በእውነተኛ የተራራ ጃኬት ውስጥ የሚያሞቀው የዳክዬ ላባ ሊኖር ከሚገባው ቦታ፣ እንደ አሮጌ ፍራሽ ጥጥ የተድበለበለ፣ ውሃ የጠጣ ግራጫ ነገር ወጣ።

እንዲህ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም። "ሰብለ፣ ልጄ ይህን ለብሳ ነው የሄደችው" አሉ። "እርጥብ ለብሶ በረዶ ላይ ያደረ ሰው ጠዋት አይነሳም። ኔፓል የመራን ሰው በየቀኑ ሲነግረን ነበር። ደውዪ!"

ደወልኩ። የብሌን ስልክ አይነሳም። ገነት ጋ ደወልኩና ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

"ልጅቷን አግኝተሽ አስመልሻት" አሏት። "ጃኬቱ ውሃ ያስገባል።"

"ኧረ አይዞዎት እትዬ፣ ጥሩ ጃኬት እኮ ነው…"

"ገነት። ፎርጅድ ነው።"

ገነት በቀጭን ድምፅ "እናውቃለን፣ እትዬ" አለች።

ገነት የቀረውን እያለቀሰች ተናገረች። ብሌን ፎርጅድ መሆኑን ያወቀችው ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። እትዬን ላለማስቀየም ዝም ብላ፣ ሌላ ጃኬት እዚሁ ሜልበርን ገዝታለች። በዚያን ጠዋት የካትማንዱን የለበሰችው እትዬ ሊሸኙ ስለመጡ ነው፤ ስጦታ የሰጠ ሰው ሳያየው እንዴት ይቀራል? እትዬ ከሄዱ በኋላ ልትቀይረው፣ እውነተኛው በሩ ኋላ ተሰቅሎ ይጠብቃት ነበር። እትዬ ግን እስከ መኪናው ሸኟት፣ በሩን ዘጉላት፣ እስክትሰወር ቆሙ። ጥጉን ከታጠፈች በኋላ "እማማ ሄደች?" ብላ የደወለችው እሷ ናት። ገነትም ጓዳ ገብታ "አልሄዱም፣ ቁርስ ላይ ናቸው" አለቻት። ጓደኞቿ ስለቸኮሉ "ኔቨር ማይንድ" ብላ ቀጠለች። ለሃያ ዓመት ልጅ ሞት የሌላ ሰው ነው የሚመስላት።

እትዬ ጥሩወርቅ አልተቆጡም። "መኪናሽ ቤንዚን አለው?" ብቻ አሉኝ።

ክሬጊበርን ስንደርስ ገነት ጃኬቱን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ በመስኮቱ ተቀበሏት፣ ጫፉን በጣታቸው አሻሹት፣ "ይሄ ነው" አሉ። ገነት "እትዬ፣ ይቅር…" ስትል "አንቺ ስልኩ ላይ ሁኚ፤ ሳታቋርጪ ደውዪላት" አሏትና መስኮቱን ዘጉ። ሂዩም ፍሪዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን።

መንገዱን አልረሳውም። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፤ ከባድ መኪኖች ውሃ እየረጩብን ያልፋሉ። ሬዲዮኑ ስለ አየሩ ሲያወራ ድምፁን ጨመርኩት፤ ማምሻውን ተራሮቹ ላይ ከባድ ንፋስና በረዶ ይጠበቃል፣ ወደ ላይ የሚወጡ ሰዎች ይጠንቀቁ ይላል። እትዬ እንግሊዝኛውን በደንብ ሰምተውታል። መሃረባቸውን በእጃቸው ያጣምሙ ጀመር።

"ትንሽ ፈጠን በይ።"

"እትዬ፣ መንገዱ ያንሸራትታል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።"

"አፍስሼዋለሁ እኮ! ልልቀም ነው የምልሽ፤ ንጂ!"

የረጠበውን ጃኬት አላወለቁትም ነበር። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼው እንኳ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። "የእኔን ሹራብ ይልበሱ፣ ይታመሙብኛል" ብላቸው፣ "ተዪኝ። ምን እንደሰጠኋት ልወቀው" አሉ።

ከተማው ከኋላችን ርቆ፣ መንገዱ በሜዳው መሃል ቀጥ ሲል "ሰብለ፣ አንቺስ ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አላወቅኩም። የልጆቼን ስም ቄስ ይጥራው።" ልጅ እንደሌለኝ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን ያን ሰዓት ሌላ መሐላ አልመጣልኝም።

"ብታውቂስ ትነግሪኝ ነበር?"

ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ሽንገላ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን የሽንገላ ዋጋ ከፊታችን ተራራ ላይ እየወጣ ነበርና ዋጥኩት።

"አልነግርዎትም ነበር።"

"ለምን?"

"ስለምፈራዎት።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ለእኔ ሳይሆን ለሜዳው እንደሚናገር ሰው፣ ስለ ካትማንዱው ሱቅ ያወሩ ጀመር። በዚያ እንኳን ደህና መጡ ቀን የዘለሉትን ነበር አሁን የሚነግሩኝ።

"ያየሁት ጃኬት እውነተኛ ነበር። ጣቴ አልዋሸም። ሁለት ስጠኝ ስለው 'እናቴ፣ ይህ የሰው እጅ የነካው ነው፤ አዲሱን ከመጋዘን ላምጣልሽ' አለኝ። እናቴ አለኝ፣ ሰብለ። ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ ቀዳልኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ በእናቱ ማለልኝ። ከዚያ ሁለት የታሸጉ ጥቅሎች አመጣ። ናሙናውን አሳይቶ ሌላውን መጠቅለል የመርካቶ ጨዋታ ነው፤ እኔ ሳላውቀው? ልፈታው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ሻዩን አየሁ፤ ፊቱን አየሁ። በእናቱ በማለ ልጅ ፊት፣ ሻዩን ጠጥቼ፣ እንደ ሌባ እቃውን ልፈትሽ? አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላፈርኩትን ያን ቀን አፈርኩ።"

"ታዲያ ቤትዎ ሲገቡ ለምን አላዩትም?"

"አንዴ 'አልታለልኩም' ብዬ አውርቼ! ከዚያ በኋላ የምን ማየት ነው?"

ከተራራው ሥር ያለችው መንደር ስንደርስ ዝናቡ ወደ በረዶ እየተለወጠ ነበር። ገነት በስልክ የነገረችን የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ቦታ የጄስ መኪና ቆሟል፤ ሰው የለበትም። ወርጄ ኮፈኑን ዳሰስኩት። ለብ ይላል፤ መንገድ ላይ ቆይተዋል ማለት ነው።

"ገና አልራቁም! ልሩጥ፣ እርስዎ እዚህ ይጠብቁኝ" አልኳቸው።

"ደርሰሽ ምን ትያታለሽ? 'እትዬ ሌላ ጃኬት ላኩልሽ' ነው የምትያት። ውሸቱን በውሸት ልትሸፍኚው ነው። እኔ ነኝ የምነግራት።"

"እሺ፣ እኔ ላቁማቸው። እርስዎ ቀስ ብለው ይድረሱብን።"

በዚህ ተስማማን። ጃኬቱን ይዤ ሮጥኩ። መንገዱ ቀጥ ያለ አቀበት ነው፤ ቅጠሉ ረጥቦ ያንሸራትታል፤ ልቤ በጆሮዬ ይመታል። ከላይ ሲወርዱ ያገኘኋቸው አንድ ወንድና ሴት፣ ወጣቶች አይታችሁ እንደሆን ብላቸው "ጅረቱ ጋ አሉ፣ ሊነሱ ነው" አሉኝ። "ብሌን! ብሌን!" እያልኩ በማላውቀው ጫካ ውስጥ ጮህኩ። ትንፋሼ ሊቆረጥ ሲል ከላይ "ሰብሊ?" የሚል ድምፅ መለሰልኝ።

ከጅረቱ ማዶ፣ ቦርሳቸውን አዝለው ለመነሳት ቆመው ነበር። ብሌን መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ዋት ሃፕንድ? ማሚ ደህና ናት?"

"እናትሽ ደህና ናት። እትዬ እየመጡ ነው።"

ጃኬቱን በእጄ አየችውና ሁሉም ነገር ገባት። "ኦ ኖ" አለች በሹክሹክታ። "እማማ አወቀች?"

እትዬ ጥሩወርቅ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ ተመርኩዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ደረሱ። ልረዳቸው ብሄድ በእጃቸው መለሱኝ። ብሌን ፊት ቆመው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

"ጃኬቱን አውልቂ" አሏት።

ያኔ ልጅቷ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። እዚህ ተወልዳ፣ እዚህ አድጋ፣ አማርኛውን እንኳ አጥርታ ሳትይዝ፣ ይሉኝታውን ግን ከእኛ አሟልታ ወርሳዋለች። በትከሻዋ ላይ የወደቀው በረዶ እየቀለጠ ጨርቁን ሲያጠቁረው እያየነው "ኖ፣ እማማ፣ ጥሩ ነው! ሙቅ ነው። አይ ላቭ ኢት" አለች።

እትዬ የልጅቷን ጓንት አወለቁ። የራሳቸውን ጃኬት ዚፕ ሊከፍቱ ሲሉ መሃል ላይ ቆመባቸው፤ በኃይል ጎትተው ቀደዱት። ከዚያ እጇን ይዘው በትከሻቸው በኩል ወደ ውስጥ አስገቡት።

"ንኪ።"

ብሌን እጇን ልትነጥቅ ስትል አጥብቀው ያዟት።

"ንኪ! ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነኝ። መኪና ውስጥ ማሞቂያ ተከፍቶ አልደረቀም። አንቺ ከላይ ማን ያሞቅሻል?"

"አንቺ በጣም ቀዝቅዘሻል፣ እማማ!"

"አዎ። ተታልያለሁ። እኔ ጥሩወርቅ ተታልያለሁ።" ከዚያ ወደ ፈረንጆቹ ልጆች ዞረው፣ በአረጋውያን መጦሪያው ኩሽና ውስጥ በተማሩት እንግሊዝኛ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ዚስ ጃኬት ፌክ። ሾፕ ማን ቺት ሚ። ማይ ፎልት" አሉ።

እኔ ፊቴን አዞርኩ፤ እንባዬ መጣ። ያቺ ኩሩ ሴት በማያውቋት ልጆች ፊት እንዲህ ራሷን ስታወርድ ማየት ከበደኝ፤ ደግሞም ያን ሰዓት የወደድኳቸውን ያህል ከዚያ በፊት ወድጃቸው አላውቅም።

ብሌን እያለቀሰች ጃኬቱን ቀየረች። "ሶሪ፣ እማማ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

"እንዳይከፋኝ ብለሽ ልትሞችብኝ?" ፊቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። "ስሚኝ፣ ልጄ። ይህችም እናትሽም ይፈሩኛል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንቺ ግን አትፍሪኝ። የሚያሳፍረኝም ይሁን የሚያስለቅሰኝ፣ እውነቱን አንቺ ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ።"

"ፕሮሚስ።" አፍንጫዋን ጠረገች። ትንሽ አሰበችና "ኦኬ… ከኔፓል ስትመለሺ ከባንኮክ ያመጣሽልኝ የፀሐይ መነጽርም ፌክ ነው። ዓይኔን ያመኛል" አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ አፍጥጠው አዩዋት። እኔ ምድር ብትውጠኝ ተመኘሁ። ድንገት ሳቁ፤ ቅርንጫፉን እስኪጥሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያጎነብሱ ሳቁ።

የአየሩን ነገር ነገርናቸው። ልጆቹ ተማክረው ጫፉ ድረስ መውጣቱን ተዉት፤ መንገድ ላይ ያለው የተጓዦች ማደሪያ ጎጆ ደርሰው ሊያድሩ ወሰኑ። እትዬ "ቅሪ" አላሏትም። እኛ መንደሩ ውስጥ ባለ ሞቴል ስናድር አንዳችንም የረባ እንቅልፍ አላገኘንም፤ ንፋሱ ጣሪያውን ሊነቅለው ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ ከጫካው ሲወጡ እትዬ ጥሩወርቅ ሮጠው ሄዱ፤ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም። ብሌን ጎጆው በር ሥር በረዶ እንደገባባቸው፣ የጄስ ጣቶች ደንዝዘው ብብቷ ውስጥ ይዛ እንዳሞቀችላት ነገረችን። በካትማንዱው ጃኬት ቢሆን ኖሮ የምታሞቅበት ብብት ራሱ አይኖራትም ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ጥሩወርቅ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ሰብስበው ነገሩን ሁሉ ራሳቸው አወሩት፤ ሻዩንም፣ መሐላውንም፣ የተሸረከተውን እጅጌም ሳያስቀሩ። ጠባያቸው አልተለወጠም፤ ልብሴን ማሻሸታቸውንም፣ ቄሱን ማስቸገራቸውንም አልተዉም። ግን አንዳንድ ጊዜ በወሬ መሃል ቆም ይሉና "እውነቱን ንገሪኝ፣ ተሳስቻለሁ?" ይላሉ። እኛም እንደ ልማዳችን "ኧረ በፍጹም!" እንላለን።

ዓመት ሳይሞላ ታመሙ። ሐኪሙ ውጤቱን ሊነግራቸው ሲል ገነት ኮሪደር ላይ ለመነችው፤ "በእኛ ወግ እኛ ቀስ አድርገን እንነግራቸዋለን" አለችው። እሱም ታገሠን። ቀስ ማለቱ ግን ቀን ቀንን እየወለደ ቀረ። ቄሱ "ይማርዎታል" ይላሉ። ገነት "ፊትዎ ዛሬ ጥሩ ነው" ትላለች። እኔ "የፋሲካን ገበያ አብረን ነው የምንወጣው" እላለሁ። ከዚያ ተራ በተራ ወጥተን ሊፍቱ አጠገብ እናለቅሳለን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም አልጋቸውን ከበን ሳለ ብሌን ከፈተና ወጥታ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች። እትዬ ጥሩወርቅ የእኛን ወሬ በእጃቸው አቆሙትና ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ ሐኪሙ ምን አለ?"

ገነት ከአልጋው ራስጌ ሆና በዓይኗም በጭንቅላቷም "ተዪ" አለቻት። ብሌን እናቷን አየች፤ ቄሱን አየች፤ እኔን አየችኝ። ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእትዬን እጅ ያዘች።

"እማማ" አለች፣ "አትድኚም። መድኃኒት ከዚህ በኋላ አይሠራም አለ።"

ገነት "ውይ!" ብላ አፏን ያዘች። ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የልጅቷን እጅ ግን አልለቀቁም።

"እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጄ" አሏት። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ እኛ ዞሩ። "እናንተም፣ ሊፍቱ ጋ ሄዳችሁ አታልቅሱ። ብቻዬን ትታችሁኝ ነው የምታለቅሱት። ኑ፣ ቁጭ በሉ፤ እዚሁ አብረን እናልቅስ።"

ወንበሮቹን ወደ አልጋው አስጠጋን። ገነት እግራቸው ሥር፣ እኔ ጎናቸው ተቀመጥን፤ አብረን አለቀስን።